ለእንግዳ የታጠበ እግር

ሬዲዮ ላይ «ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት» የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዜናውን የሚያነበው ሰው ትንፋሽ ሳይወስድ በአንድ አረፍተ ነገር ይገላገለዋል። የሆነ ቅጠል ጀርም ይገድላል፣ ተረጋገጠ። አዲስ ዓይነት ሲሚንቶ ተገኘ፣ ከድሮው ይበረታል። የሆነ በሽታ በዘር እንደሚሄድ ታወቀ። በቃ። እኔ ሬዲዮኑን እያየሁ የምጠይቀው ሌላ ነው። ናሙናውን የሰበሰበው ማን ነው? መኪናው ነዳጅ ነበረው? ማቀዝቀዣው ስንት ጊዜ ጠፋ? ያ ቅጠል ላቦራቶሪ እስኪደርስ ስንት ሰው እያሸተተ ቀነጠሰው? ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ይስቃል፤ ዜና ሲጀምር ፊቴን አይቶ ድምፁን ይቀንሰዋል።

ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። አምቦ ውስጥ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ተመራማሪ አይደለሁም፤ ተመራማሪ ማለት ስሙ ጽሑፉ ላይ የሚወጣው ሰው ነው። ቴክኒሻን ደግሞ ብርጭቆውን የሚያጥብ፣ ሚዛኑን የሚያስተካክል፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እንዲነሳ ዘበኛውን የሚለማመጥ፣ ኬሚካል ጉምሩክ ላይ ሲታገት በየሳምንቱ ስልክ የሚደውል ነው። በእኛ ኮሪደር የሌለ የሳይንስ ዓይነት የለም። ከእኔ ክፍል በስተቀኝ ያለችው ኬሚስት ከጭልሞ ደን የሚመጣ የዛፍ ቅርፊት ስትቀቅል ትውላለች። በስተግራ ያለው የቁሳቁስ ምርምር መምህር ደግሞ አፈርን በተልባ ዘይት አሽቶ የቤት ወለል ለመሥራት ይታገላል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይጠጥራል፣ አፈሩን ጨምድዶ ይይዝና አቧራ አያስነሳም። ሲሚንቶ ለማይደርስበት ቤት ጥሩ ሐሳብ ነው። ለወራት መስኮት ሥር ያደረቃትን የሙከራ ወለል አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ መስሏት በበረኪናና በሽቦ ፈግፍጋ አነሳችለት። ሊያለቅስ ደርሶ እኔ ጋ መጣ። ምነው ወረቀት ብትለጥፍበት አልኩት። ለጥፎ ነበር፤ በእንግሊዝኛ።

ይህን ሁሉ እችላለሁ። መብራቱንም፣ ጉምሩኩንም፣ የመምህራኑንም ኩርፊያ ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት ይሉኝታን ነው። ይሉኝታ ያልገባበት ናሙና በእጄ ነክቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

ከኮቪድ በኋላ በነበረው ዓመት አንድ ዶክተር እኛ ጋ መጣ። የጎጃም ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲናደድ መነጽሩን አውልቆ የሚጠርግ። የሚያጠናው ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት ነበር። በትንኝ ከሚመጣው የተለየ ነው፤ የእኛ ደጋ ያለው ከቀይ አፈር የሚመጣው ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር የረገጠ ሰው በቆዳው ስንጥቅ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባበታል፣ ውስጡ ይቆጣል፣ እግሩም እያበጠ ይሄዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ያንኑ አፈር ረግጠው አንዱ ሲታመም ሌላው የማይነካው ለምንድን ነው የሚለው ላይ በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለበት። ዶክተሩ ይህን በደንብ ማየት ፈለገ፤ ብናኙን ከእግርና ከወለል፣ ተጋላጭነቱን ከምራቅ። ኦሮምኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበርና እኔን ወሰደኝ። የምንሄድበት ቀበሌ ከጊንጪ አለፍ ብሎ ወደ ጭልሞ አቅጣጫ የሚገኝ ነው ሲለኝ የሆዴን በሆዴ ይዤ እሺ አልኩ።

የሆዴ ነገር ይህ ነው። እዚያ ቀበሌ የእናቴ ታናሽ እህት ትኖራለች። እቴቴ ነው የምላት። አባቴ ሲሞት እናቴ አምቦ ሥራ እስክታገኝ ድረስ ሦስት ዓመት እሷ ዘንድ ነው ያደግሁት፤ ፊደል የቆጠርኩትም፣ ኦሮምኛን አፍ የፈታሁትም እዚያ ነው። ልጅ አልወለደችም። እግሯ ማበጥ የጀመረው እኔ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ ማታ ማታ ያቃጥለኛል እያለች በቀዝቃዛ ውሃ ስትነክረው አስታውሳለሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሁለቱም እግሮቿ ጫማ የማይገባባቸው ሆነው ነበር። ሠርጌ ላይ አልመጣችም፤ አሞኛል ብላ ላከችብኝ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል እንጂ፣ መልእክቱን ስሰማ ተንፈስ አልኩ። በእኛ አገር ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ ለማግባት ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ዘራቸው ነው ይባላል። የባለቤቴ ቤተሰቦች እቴቴ መኖሯን እንኳ አያውቁም ነበር። በሥራ ቦታዬም አንድ ሰው አያውቅም።

ጥናቱ ውስጥ የተመዘገበ ሕመምተኛ ሕክምናውን ያገኛል። ነርስ በየሳምንቱ እየመጣች እግር ታጥባለች፣ ቅባት ትቀባለች፣ ፋሻ ታስራለች። በልክ የሚሠራ ጫማም አለ፤ የእቴቴ እግር የሚገባበት ጫማ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። ስለዚህ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ እቴቴ እንድትመዘገብ። የእሷ ዘመድ መሆኔ ሳይታወቅ እንድትመዘገብ ብል ደግሞ እውነቱ ይሟላል።

የመጀመሪያው ጉዟችን እግር ለመጥረግ ነበር። እርጥብ ፋሻ እግሩ ላይ እናሽና በፋሻው ላይ የቀረውን ብናኝ ላቦራቶሪ ወስደን እንመዝናለን። ስለዚህ ሰዎቹ በዕለቱ እግራቸውን እንዳይታጠቡ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደጋግሜ ነገርኳት። እሷም ነግራለች፤ ሐሰት አልልም። ስንደርስ ግን ሁሉም አጥር ሥር ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፤ እግራቸው በሳሙና ታጥቧል፣ ቅቤ ተቀብቷል፣ ያብረቀርቃል። አንድ ሽማግሌ ተረከዛቸውን በድንጋይ ሙልጭ አድርገው ፈግፍገውታል። ኦቦ፣ እንዳትታጠቡ ተብሎ ነበር እኮ አልኳቸው። አዎ፣ ሰምተናል አሉኝ ፈገግ ብለው፤ እንዳንቸገር ብላችሁ ነው ያላችሁት፣ ምንም አልተቸገርንም።

ዶክተሩ ምን አሉ ሲለኝ እንዳሉት ተረጎምኩለት። መነጽሩን አወለቀ።

በሁለተኛው ጉዞ ምራቅ ልንወስድ ሄድን። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከመትፋት በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም አለመብላት፣ ምንም አለመጠጣት። ይህንንም ነገርን፤ በዚህኛው ጊዜ እኔ ራሴ በስልክ ደውዬ፣ በኦሮምኛ፣ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ። የመጀመሪያዋ ሴት ብልቃጡን ሞልታ ሰጠችኝ። አረንጓዴ ነበር። ጤና አዳም አኝካበታለች። የሁለተኛዋም አረንጓዴ፣ የሦስተኛውም አረንጓዴ። አንዷ ጭራሽ በአምቦ ውሃ ተጉመጥምጣ ስለመጣች ብልቃጡ ውስጥ አረፋ አለ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው እንደ ልጅ ነው ያዩኝ። የሚሸት ምራቅ ለተማረ ሰው እንዴት ይሰጣል? መብላት እንጂ ማኘክ አልተከለከለም። እኔ አረንጓዴውን ብልቃጥ እየቆጠርኩ ስናደድ፣ እነሱ ደግሞ እኔ ስላልተደሰትኩ ቅር ብሏቸው፣ ጤና አዳሙ አንሶ ይሆን እያሉ እርስ በርስ ይማከሩ ነበር።

ሦስተኛው የወለል ቀን ነበር። የቤታቸውን ወለል አፈር በብሩሽ ጠርገን አቧራውን ልንወስድ። ወለሉ እንዳለ ይሁን አልኳቸው። አትጥረጉ፣ አትንኩት፣ እንግዳ አይደለንም፣ ቤቱ ባይጠረግም አናፍርባችሁም አልኩ። ገና ከመኪና ስወርድ ሽታው ተቀበለኝ። አቧራ የምንወስድባቸው ስድስቱም ቤቶች ጠዋት በእበት ተለቅልቀው ገና እርጥብ ናቸው። በሁለቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ብሩሼን ይዤ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንግዳ አይደለንም ብዬ መልእክት መላኬ ራሱ እንግዳ መሆናችንን አረጋግጦላቸው ኖሯል።

በመልሱ ጊንጪ ላይ ጎማ ተነፈሰብን። ጎሚስታው ጋ ቆመን ዶክተሩ እንደ ልማዱ ድምፁን ሳያነሳ ነገረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እንመለሳለን አለ፤ እሱም ካልሆነ ይህን ቀበሌ ሰርዞ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የቅጹ ሦስተኛ ገጽ መሟላት አለበት፤ ሦስተኛው ገጽ የዘመዶች ነው። በሽታው የሌለበት፣ ምራቁን የሚሰጥ፣ ቢያንስ አንድ የሥጋ ዘመድ ያልቀረበለት ሕመምተኛ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። እስከ አምቦ ድረስ አፌን አልዘጋሁም። ሰው እንዴት የተባለውን አይሰማም፣ እውነቱን መስጠት ምን ያቅታል፣ ባለበት ሁኔታ መታየት ምን ነውር አለው እያልኩ ናላቸውን አዞርኩት። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ዶክተሩ በመስኮት ውጪ ውጪውን ያይ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ለቤተሰቦቼ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ሚኒባስ ተሳፍሬ እቴቴ ጋ ሄድኩ። እስካሁን በጥናቱ ቀን ሁሉ ቤቷን ዘግታ እየዋለች ነበር። ስገባ እግሯን በጋቢ ሸፈነች፤ ከእኔም። ስለ ነርሷ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ጫማው ነገርኳት። ጫማ ስል ቀና አለች። ጫማው ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። የሥጋ ዘመድ እንደሚያስፈልግም ነገርኳት። እናቴ ካረፈች ቆይታለችና ጊንጪ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ፣ ማለት አጎቴ፣ ይመጣል ብለን ተስማማን፤ እዚያው ሆነን ደወልንለት፣ እሺ አለ። ከዚያ እቴቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን አላውቅሽም፣ አታውቂኝም አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። መልሱ ከአፌ እንዴት እንደፈጠነ እስካሁን ይቆጨኛል። ትንሽ እንኳ አልተከራከርኳትም።

በአራተኛው ጉዞ ተአምር ተፈጠረ፤ እግሮች አቧራ እንደለበሱ መጡ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘዴ አግኝታ ነው፤ የምንመጣበትን ቀን አልነገረቻቸውም። ሰው ከእርሻና ከወፍጮ ቤት እየተጠራ እያፈረ መጣ። ሴቶቹ እግራቸውን ቀሚሳቸው ሥር ደብቀው ስንጠርግ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ለእቴቴና ለአጎቴ ብቻ ቀኑን አስቀድሜ በስልክ ነግሬያቸው ነበር። እቴቴ ከሁሉም በኋላ በዱላዋ እየተደገፈች መጣች፤ አጎቴ የለም። ስደውል ስልኩ ጠፍቷል። ኋላ እንደሰማሁት ሆለታ ጉዳይ ገጥሞታል። አጎቴ ሦስት ያልተዳሩ ሴቶች ልጆች አሉት፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገርኩም። ስድብ አፌ ላይ መጣ፤ መለስኩት። ስድቡ ለእሱ ብቻ አልነበረምና።

እቴቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዶክተሩ እግሯን አየ፣ ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ያልታከመ እግር ነው አለኝ በቀስታ፤ ግን በደንብ ከታጠበና ከታሰረ ይቀንሳል፣ አልዘገየም። ይህን ተረጎምኩላት። እቴቴ እኔን እንደማታውቀኝ ሆና በጨዋ ደንብ አመሰገነች። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ገጽ ሞላን። ሦስተኛውን ገለጠ።

«የሥጋ ዘመድ አላት ወይ በላት» አለኝ።

ጠየቅኳት። በኦሮምኛ፣ ለማያውቁት ሰው በሚባለው በአክብሮት አነጋገር። እቴቴ አላየችኝም፤ እሱን ነው ያየችው።

«ፊራ ሂንቀቡ» አለች።

ዘመድ የለኝም ማለት ነው። ዶክተሩ እኔን እየጠበቀ ነው። ሥራዬ መተርጎም ነውና ተረጎምኩ፤ ዘመድ የለኝም ትላለች አልኩት። እንዴት ወጣልኝ? ወጣ። እሱ ማንም? ብሎ ደገመ፤ እኔም ደግሜ ጠየቅኳት፤ እሷም ሁሉም ሞተዋል አለች። ይህንንም ተረጎምኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጎቴንና ራሴን ገድዬ በአማርኛ አቀረብኩለት።

ዶክተሩ ቅጹን ቀስ ብሎ አጠፈው። አዝናለሁ በያት አለኝ፤ ለጥናቱ አትሆንም፣ ግን ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ እጽፍላታለሁ። ጤና ጣቢያው ምን እንዳለው አውቃለሁ፤ ፓራሲታሞል አለው። እቴቴ ያለውን ሳልነግራት ከፊቱ ገባትና ዱላዋን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ዱላውን ለማንሳት ጎንበስ ስትል የጋቢው ጫፍ ተገለጠና ያ እግር እንዳለ ታየኝ፤ ለዓመታት ማየት ያልፈለግሁት።

«አላት» አልኩ። «ዘመድ አላት። እኔ ነኝ። የእህቷ ልጅ ነኝ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። እቴቴ ምን እንዳልኩ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞራ ረዘም ያለ ነገር በእርጋታ ተናገረች። ዶክተሩ እኔን አየኝ። ምን አለች?

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ተርጉሜ አላውቅም። ይህችን ሴት ዛሬ ገና ማየቴ ነው ትላለች አልኩት። ሩኅሩኅ ሰው ናት፣ አዝናልኝ ነው የዋሸችው፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ እንዳትቀየሟት ትላለች።

አሁን ሰውዬው ምን ያድርግ? ሦስት ጊዜ ከአምቦ ተነስቶ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና የተዋሸ ሰው ነው። ወደ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዞረና ከሁለቱ የትኛዋ ናት እውነቱን የምትናገረው ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ እቴቴን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው አለችው። ይህን በአማርኛ ስለሆነ የተናገረችው መተርጎም አላስፈለገኝም።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሥራዬ ላይ መሆኔን፣ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ እንደሚሰማ፣ ወሬው በሚኒባስ ከእኔ ቀድሞ አምቦ እንደሚገባ ሁሉ ረሳሁት። በኦሮምኛ እቴቴ ላይ ጮህኩባት። አንቺ ማንን ነው የምታሞኚው አልኳት። ወንዝ ወርጄ የዘገየሁ ቀን በሳማ የገረፍሽኝ ማን ሆነሽ ነው? ቅማሌን ማን ለቀመው? ሠርጌ ላይ አሞኛል ብለሽ የቀረሽው ምን አሞሽ ነው? ለእኔ ስትይ በሽታሽን ተሸክመሽ ልትሞቺ ነው፣ ማን አድርጊ አለሽ፣ ማን ጠየቀሽ? እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ንዴት ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ንዴት ነበር ባይ ነኝ።

እቴቴም ዝም አላለችም። ዱላዋን መሬት ላይ ደበደበች። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ አለችኝ፣ እንግዳ ፊት እንዲህ ትጮኺያለሽ፣ ይህን ነው ያስተማርኩሽ? አፍንጫሽን ጥረጊ። እናትሽም እንዲህ ነበረች፤ ሰው ፊት አታፍርም ነበር። አጥሩ ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ ሳቀች።

የምታለቅስ አስተርጓሚ አትረባምና ዶክተሩ የሚሆነውን በዓይኑ ብቻ ይከታተል ነበር። ልተረጉምለት ስል እጁን አነሳ። አሁን ትርጉም አያስፈልገኝም አለኝ። ያጠፈውን ቅጽ ዘረጋ፣ ተራ ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ወረቀት ከጥቅልሉ ላይ ላጥ አድርጎ የእቴቴ ማኅደር ላይ ለጠፈው። ከእንግዲህ የዚህን ቤት ናሙና አንቺ አትነኪም አለኝም፤ ልክ ነው፣ ደንቡ ነው፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው። ከዚያ እስክሪብቶውን ሦስተኛው ገጽ ላይ አድርጎ፣ ምኗ እንደሆንኩ ከራሷ አንደበት መስማት ስለነበረበት፣ ጠይቂያት አለኝ።

ጠየቅኳት። በዚህኛው ጊዜ እቴቴ ብዬ።

አየችኝ። «ኢንተላ ኮቲ» አለች።

ልጄ ናት።

ዶክተሩ እየጠበቀ ነው። ይህ ገጽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያባዛሁት። እናትና ልጅ ከሆኑ አንድ ስሌት ነው፣ አክስትና የእህት ልጅ ከሆኑ ሌላ። ልጅ ተብሎ ከተጻፈ ውጤቱ ይበላሻል፤ የእሷም፣ የሁሉም። ሰው እውነቱን መስጠት ምን ያቅተዋል እያልኩ ከጊንጪ እስከ አምቦ የሰው ጆሮ ያደነቆርኩት እኔ፣ ለአንዲት ቃል ስንት ጊዜ ምራቄን እንደዋጥኩ አላውቅም።

«ልጄ ናት ነው ያለችው» አልኩት። «እርስዎ ግን የእህቷ ልጅ ብለው ይጻፉ።»

እቴቴ አማርኛ አትችልም ብዬ አስብ ነበር። ለካ ገበያ የሚበቃትን ያህል ትችላለች። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና በቀጥታ እሱን አናገረችው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች።

«እህቴ ወለደች። እኔ አሳደግሁ። እዚህ የቱ ይጻፋል?»

ዶክተሩ መስመሩን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት።

«የወለደችው» አላት።

«እሺ» አለች።

እሱ ጻፈ። የምራቅ ብልቃጥ ከሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ክዳኑን ከፈትኩና ወደ አፌ አስጠጋሁት። አፌ ደርቆ ነበር።